ዐሥራ ሁለት ቀን ከማጠቢያው ጋር

ማጠቢያው የመጣው በ2084 ዓ.ም.፣ የካቲት ሰባት ቀን ረፋድ ላይ ነበር። ሁለት አድራሾች አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው አወጡት፤ ከኢዩኤል አልጋ አጠገብ አቆሙት፤ ግድግዳው ውስጥ ካለው የውሃ መስመር ጋር አገናኙትና ላባቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሚስቱ ብሌን ውሃ ብታቀርብላቸው ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ ስትደግምላቸው ተቀብለው ብርጭቆውን ገለበጡት። አንዲት ቃል ግን አልተነፈሱም። ብሌንም አልተቀየመቻቸውም። አድራሽ በደንበኛ ቤት ከተናገረ ከሥራው እንደሚሰናበት አገር ያወቀው ነገር ነው።

ዕቃው ትከሻዋ ላይ የሚደርስ፣ አመድማ ቀለም ያለው ቁም ሣጥን ይመስላል። ፊደል የለበትም፤ ቁጥርም ሥዕልም የለበትም። ሦስት መዘውሮች፣ አምስት እጀታዎች፣ ስፋታቸው የሚለያይ ዐሥራ አንድ ቀዳዳዎች፣ በከረጢት የታሸጉ ቱቦዎች አሉት፤ ከላይ ደግሞ በአንድ መስመር የተሰደሩ ሰባት ትናንሽ መብራቶች። ሰባቱም ጨልመዋል። ከጎኑ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለች፣ ከልብስ ቁልፍ የማትበልጥ ነገር ነበረች፤ ከአድራሾቹ አንደኛው ያቺን አንሥቶ በኢዩኤል ጆሮ ላይ ለጠፋት። ከዚያም በስሱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ።

የኢዩኤል ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ አራት ወራቸው ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ደሙን የሚያጥቡለት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ያ ክፍል ሲዘጋ፣ እስከዚያ ጥቂቶች ብቻ በቤታቸው ይሠሩት የነበረው ሥራ ለሁሉም ወደየቤቱ ተላለፈ። ከማጠቢያው ጋር የመጣችው ብጣሽ ወረቀት የምትናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ጊዜው ብቻ ነው። ባለቤቱ ወይም ዘመዱ በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሰባቱንም መብራቶች ካበራ ሕመምተኛው በቤቱ ይታጠባል። ካላበራ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ተጉዞ ቆላ ወዳለው የጋራ ማረፊያ ይወሰዳል። እዚያ የገባ ሰው በዓመት ሁለት ቀን ይጎበኛል።

ብሌን ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈቻት።

«ምን ይላል?» አለ ኢዩኤል ከአልጋው።

«ዐሥራ ሁለት ቀን ይላል።»

«ብዙ ነው። አንቺ ለበሩ እንኳ ስድስት ቀን ነው የፈጀብሽ።»

በሩ ማለቱ የሚኖሩበት ሕንጻ መግቢያ ነው። በየሦስት ወሩ አከፋፈቱን ይለውጣል። ነዋሪው ያንን ጊዜ «የበር ሳምንት» ብሎ ሰይሞታል፤ የዓመት ፈቃዱን ቆጥቦ የሚያስቀምጠው ለዚያ ነው። የበሩ ምሥጢር ያልተገለጠለት ደረጃው ላይ ዘንቢሉን ታቅፎ ይቀመጣል። የተገለጠለት ደግሞ ሲከፍት ጀርባውን ያዞራል፤ እጁን በነጠላው ወይም በጃኬቱ ይሸፍናል። ክፋት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሌላውን ሲያሳይ በሩ ካወቀ ሁለቱንም ውጭ ያሳድራቸዋል። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን በትሕትና ሰላም ይለዋል፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ይቅርታ በሚለምን ዓይን ተመልክቶት ብቻውን ይገባል።

ነገሩ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። ብሌን ራሷ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው በማስረዳት ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ በላዩ «መረጃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመስታወት መስኮት ነበራት። የልደት ካርድ የፈለገውን ሦስተኛ ፎቅ፣ የውሃ ቆጣሪ የፈለገውን ከደረጃው በስተግራ፣ የት እንደሚሄድ የጠፋበትንም መጀመሪያ አረፍ በል እያለች ትልክ ነበር። ከዚያ በኋላ «ሰው የተነገረውን ይረሳል፣ ፈልጎ ያገኘውን ግን አይረሳም» የሚል ጥናት ወጣ። በመጀመሪያ መስኮቶቹ ተዘጉ። ቀጥሎ ከዕቃ ጋር የሚታደለው የመመሪያ ወረቀት ቀረ። ቀጥሎ በዕቃዎች ላይ የነበረው ጽሕፈት ተፋቀ። በመጨረሻ ዕቃዎቹ ራሳቸው ጆሮ አወጡ፤ በአጠገባቸው አንዱ ሌላውን ሲያስረዳ ከሰሙ የደረሱበትን ትተው ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ። ማንም አልታሰረም፤ ማንም አልተቀጣም። ሰው ግን ዝምታን ለመደ።

በመጀመሪያው ቀን ብሌን ከትልቁ መዘውር በቀር ምንም ሳትነካ ከማጠቢያው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጠው ዋለች። ማጠቢያው ያጉረመርማል። ትልቁን መዘውር ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ጉርምርምታው ይወፍራል፤ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይቀጥናል። በመካከል አንድ ስፍራ ላይ ግን፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ እንደሚሆነው፣ ድምፁ ይቆማል። በማግስቱ ጠዋት እዚያ ስፍራ ላይ አቁማ ትንሿን እጀታ ስትስብ የመጀመሪያው መብራት በራ፤ ቢጫ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል።

«አየሃት?» አለች።

«አየኋት» አለ ኢዩኤል። «እንኳን ደስ ያለሽ። ደመወዝ ሊጨምሩልሽ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ሦስት መብራቶች በርተው ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ሶሊያና የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። ሶሊያና ባሏን ከመቅበሯ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ባለ ማጠቢያ ስታጥበው የኖረች፣ አፏ ከልቧ የሚቀድም ደግ ሴት ናት። ሳህኑን አስቀምጣ ቀና ስትል ብሌን ቀጭኑን ቱቦ ከሰፊው ቀዳዳ ጋር ስትታገል አየቻት።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ እሱን መጀመሪያ አጥበሽ...»

ቃሏን አልጨረሰችም። ከሦስቱ መብራቶች ሁለቱ እልም አሉ። ሶሊያና አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ እንደ ቆመች ማልቀስ ጀመረች።

«በቃ፣ በቃ ተይ» አለች ብሌን። «ምን አጠፋሽ? ሾርባው ላይ ጨው ረስተሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«ምላሴ ይቆረጥ!»

«ከተቆረጠማ ማን ያጫውተናል?» አለ ኢዩኤል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚወራው ስለ አየሩና ስለ ሽንኩርት ብቻ ሆነ። ባልና ሚስቱ እንኳ ስለ ዕቃው በዕቃው ፊት ላለመናገር በዓይን ተስማሙ። ብሌን «ይህ እጀታ ይከብዳል» ለማለት ያህል አፏን ትከፍትና «ዛሬ ፀሐዩ ይከብዳል» ብላ ትዘጋዋለች።

የጠፉትን መልሳ ለማብራት ሁለት ቀን ፈጀባት። አራተኛው መብራት የተገለጠላት በእጇ መዳፍ ነው፤ ሦስቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ ጨብጣ ሙቀታቸው እኩል እስኪሆን ስትጠብቅ በራ። አምስተኛው በማንቆርቆሪያ ውሃ፣ ስድስተኛው ደግሞ በስህተት፤ ድካም ጥሏት በክርኗ የታችኛውን እጀታ ስትደገፍ። በሰባተኛው ቀን ስድስቱም ረድፋቸውን ይዘው ቢጫ ሆነው ይታዩ ነበር። ሰባተኛው ግን የእንጨት ዓይን ይመስል ጨልሞ ቀረ።

በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ኢዩኤልን ከማጠቢያው ጋር ታገናኘዋለች። ደሙ በቱቦው ውስጥ ሲዞር ይታያል። አንድ ሰዓት ያህል ደህና ይሠራል። ከዚያ ማጠቢያው ጉርምርምታውን ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሁሉ ለአፍታ ይቆያል፤ ቀጥሎም ደሙን ወደ ኢዩኤል መልሶ ቱቦዎቹን ባዶ ያደርጋል። አራት ሰዓት ሊታጠብ የሚገባው ሰው በአንድ ሰዓት ይነሣል። የኢዩኤል እግሮች አብጠው ጫማ እምቢ አሉ። ፊቱ ጠዋት ጠዋት የሌላ ሰው ይመስላል። አፉ ላይ የሳንቲም ጣዕም አለ፤ ሾርባው ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይለዋል።

ብሌን ጥፋቱን የራሷ አደረገችው። መዘውሩን በፀጉር ስፋት ወደ ቀኝ፣ በፀጉር ስፋት ወደ ግራ ሞከረች። ቱቦዎቹን አቀያየረች። ክፍሉን አሞቀች፤ አቀዘቀዘች። የእጇ አንጓ ስላበጠ በሻሽ አሰረችው። ስልሳ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ ሰው የሚያውቀውን ይዞ የሚያርፍበት ዕድሜ ነው ተብሎ ይነገር ነበር ልጅ ሳለች። በስምንተኛው ቀን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስትነቃ ኢዩኤል ብርድ ልብሱን አንሥቶ ጉልበቷ ላይ ጥሎላት ነበር፤ እሱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ተቆጣጣሪ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ የዘመኑ ልጆች እንደሚወዱት የጥንት ስም የወጣላት፣ ደብሪቱ የምትባል ወጣት ናት። ከማጠቢያው ፊት ቆማ መዳፏ ላይ የሚታያትን መዝገብ ለረጅም ጊዜ አነበበች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ብሌን ቂንጬ በቅቤ አቀረበችላት።

«ኧረ አይቸገሩ እማማ፣ ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት።»

«ትንሽ ቅመሺ።»

«በእውነት ጠግቤያለሁ።»

«እኔ ልሙት! ያለ እህል ከቤቴ ልትወጪ?»

ደብሪቱ ተቀመጠች፤ ሳህኑን ሳትጠርግ አልተነሣችም። ስትወጣ ብሌን ልትሸኛት ተከተለቻት። ደረጃው ላይ ደርሰው በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ የብሌን ድምፅ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ሰባተኛዋን አጣኋት። መዘውሩን ነው? ሙቀቱን ነው?»

«እማማ፣ እኔ ማስረዳት አልችልም።»

«አውቃለሁ፣ አልጠየቅሁሽም። ለራሴ ነው የማወራው።»

ደብሪቱ ሁለት ደረጃ ወረደች። ከዚያ ቆመች፤ ሻርፗን ለማስተካከል ይመስል ዞር አለች። «ዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ ሻንጣ ነው የሚፈቀደው፤ ወፍራም ልብስ አያስፈልጋቸውም፤ እዚያ ሙቀት ነው።» ሌላ አንድ ደረጃ ወረደች። «እርስዎ እኮ ጨርሰዋል፣ እማማ። ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ» አለችና ቁልቁል ሮጠች።

ብሌን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጨርሰዋል። በመስኮቱ ዘመን ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ ጉዳዩ አላልቅ የሚለው ባለጉዳይ ብዙ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባት ወረቀቱን ደግማ አታይም ነበር፤ «ሌላ የሚፈርም ሰው አለ?» ብላ ትጠይቀው ነበር እንጂ። ብዙውን ጊዜም ነበረ።

ወደ ቤት ገብታ ያቺን ቁልፍ የምታህል ነገር ከጆሮው ላይ አላቀቀችና ኢዩኤልን በብብቱ ደግፋ አነሣችው።

«ወዴት ነው?»

«ፀሐይ ልትሞቅ።»

እስከ ስድስተኛው ፎቅ፣ ልብስ ወደሚሰጣበት ሰገነት፣ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ከታች የቦርከና ወንዝ ቀጥኖ ይታያል፤ ከፋብሪካዎቹ ባሻገር ተራሮቹ አቧራ ለብሰዋል። በተሰጣ አንሶላ ጥላ ሥር አስቀመጠችው፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ያቺ ጆሮህ ላይ የምትለጠፈው ነገር ታወራለች?»

«ታወራለች እንጂ።»

«ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች... ሰዓቱ ሲደርስ ስሜን ጠርታ ‹አቶ ኢዩኤል፣ እንቀጥል?› ትለኛለች። ለስለስ ያለች ድምፅ ናት።»

«አንተስ ምን ትላታለህ?»

«ምን እላታለሁ! ‹ኧረ ግዴለም፣ አትልፉ› እላታለኋ።»

ብሌን አንሶላውን ያዘች። «ምን?»

«ምን ልበል ታዲያ? ሰው ገና አፉን ከመክፈቱ እሺ ይባላል? የቸገረው ልምሰል እንዴ? ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው እንጂ።»

«ደግማ ጠየቀችህ?»

«አንድም ቀን!» አለ ኢዩኤል ከልቡ ተቆጥቶ። «አነጋገሯን ሰምቼ የሰው ልጅ መስላኝ ነበር። ለካ አሳዳጊ የበደላት ናት።»

ብሌን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ አንሶላው ውስጥ ፊቷን ቀብራ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«ኧረ አታልቅሺ» አለ። «እኔ ምን አውቄ? አባትሽ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ አልመለሷቸውም? ሽማግሌዎቼ እንደዚህ ዕቃ ቢሆኑ ኖሮ ያኔውኑ ሌላ አግብቼ ነበር።»

«አባቴማ ሦስተኛው ላይ እሺ እንዲሉ በጎን ነግሬያቸው ነበር።»

«እሱንም አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

ልምምዱ እዚያው ተጀመረ። እርሷ ትጠይቃለች፤ እሱ አንዲት ቃል ብቻ ይመልሳል።

«ውሃ ልስጥህ?»

«ኧረ ተይው፣ አትነ...»

«አየህ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ድገሚው።»

«ውሃ ልስጥህ?»

«አሁን እንኳ አልጠማኝም።»

«ኢዩኤል!»

«እውነቴን ነው አልጠማኝም! እውነት ሲሆንስ ምን ልበል?»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

በዐሥረኛው ቀን ማጠቢያው ጉርምርምታውን ዝቅ ሲያደርግ ብሌን ጆሮዋን ወደ ኢዩኤል ጆሮ አስጠጋች። ያቺን ድምፅ ሰማቻት፤ የሆነች ደግ፣ ዕድሜዋ የማይታወቅ ሴት ድምፅ ናት። «አቶ ኢዩኤል፣ እንቀጥል?»

«ኧረ ግ...» አለ ኢዩኤል፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ግማሽ ቃል ነበር። ለማጠቢያው በቃው። ደሙ ተመለሰ፤ ቱቦዎቹ ነጡ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት፣ በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በቢሮ በተናገረው ቃል ላይ ሁለት ቀን ልምምድ ምን ሊያደርግ?

በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሰገነቱ ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሶሊያና ከኋላ እየደገፈች ወንበር ይዛ ወጣች፤ አስቀመጠችውና «እኔ እዚህ ከቆየሁ አንድ ነገር ማውራቴ አይቀርም» ብላ ወረደች። ኢዩኤል ፀሐዩ ላይ ዓይኑን ከድኖ ተቀመጠ። እጁ ላይ ያለው ቆዳ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል።

«እንጀምር» አለች። «አቶ ኢዩኤል፣ እንቀጥል?»

ከታች አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን እየጮኸ ወጣ፤ ኢዩኤል ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ።

«ግዴለም፣ ብሌን» አለ።

የለመደችው አልነበረም። ወይም የለመደችው ነበር፤ መለየት አቃታት። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ የመጀመሪያ ቃሉን ተቀብላው አታውቅም። ምግብ ሲበቃው፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ሲል፣ ገንዘብ አልፈልግም ሲል፣ ከሥራ ልውጣ ሲል፣ ሁልጊዜ ትደግምለታለች፤ «በሞቴ» ትላለች፤ በሦስተኛው እሺ ይላል፤ ቤቱ በዚያ ላይ የቆመ ቤት ነው። ከሥሩ ምን እንደነበረ ግን አልፈተሸችም።

«ይህ የትኛው ግዴለም ነው?» አለችው።

«እኔም አላውቀውም።»

«እንዴት አታውቀውም?»

«አንቺ ስትደግሚልኝ ነበር የማውቀው። ስትደግሚልኝ ልቤ ደስ ካለው ፈልጌው ኖሯል፤ ከከበደኝ አልፈለግሁትም ማለት ነው። ብቻዬን ሆኜ ለይቼው አላውቅም።»

ብሌን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትደግምለት ትችል ነበር። አፏ ላይ ነበር። እዚህ ሰገነት ላይ የሚሰማት ዕቃ የለም፤ «በሞቴ» ብትለው እሺ ይላታል፤ እርሱን ታውቀዋለች። ነገ ግን በዚያች ለስላሳ ድምፅ ፊት ብቻውን ነው። እርሷ ቃል ብትተነፍስ ሁሉም ይጠፋል።

«ነገ እኔ አልደግምልህም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬም አልደግምልህም። ሌሊቱን አስብበት።»

«ጨካኝ ሆነሻል» አለ ኢዩኤል፤ ፈገግ ግን አለ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁለት ሸሚዝ፣ ምላጭ፣ መነጽር፣ ስስ ልብስ። ብሌን ቱቦዎቹን በለመደ እጅ አያያዘች፤ መዘውሩን ትንፋሹን በሚውጥበት ስፍራ ላይ አቆመች፤ ስድስቱ መብራቶች ተራ በተራ በሩ። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ለሰባት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሆነ።

ጉርምርምታው ዝቅ አለ።

«አቶ ኢዩኤል፣ እንቀጥል?»

ኢዩኤል ጣሪያውን ያያል። እርሷን አላያትም፤ ሆን ብሎ እንደሆነ ገባት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ማጠቢያው ይጠብቃል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እስከዛሬ ኢዩኤል አስጠብቆት አያውቅምና። ደሙ ቱቦው ውስጥ ቆሟል። ከታች ደረጃው ላይ የሰዎች ኮቴ ተሰማ፤ ሁለት ሰዎች፣ ባዶ እጃቸውን የሚወጡ ሰዎች ኮቴ። ብሌን «በሞቴ» የሚለው ቃል እንዳያመልጣት ጥርሷን ነከሰች።

«እሺ» አለ ኢዩኤል።

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ በሰው ፊት ራቁቱን እንደቆመ ሰው ፊቱ ቀላ። ሰባተኛው መብራት በራ። ማጠቢያው ጉርምርምታውን አነሣና፣ እስከዚያ ቀን አሰምቶት በማያውቀው ሙሉ ድምፅ መሥራት ጀመረ።

ሰዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው መብራቶቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። በስሱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወረዱ።

ሶሊያና ሕንጻው እስኪነቃነቅ እልል አለች። በዚያ ሳምንት ቤታቸው ጠያቂ አላጣም። የኢዩኤል እግሮች ጎደሉ፤ ፊቱ ተመለሰ፤ ሾርባው ሾርባ ሾርባ ማለት ጀመረ። በየሁለት ቀኑ ያቺ ድምፅ ትጠይቀዋለች፤ በአንድ ቃል ይመልስላታል፤ አራት ሰዓት ይታጠባል። አፉ ተገራ።

ነገር ግን አፍ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ራት ላይ ብሌን ጭልፋውን አንሥታ «ልጨምርልህ?» አለችው፤ «በሞቴ» የሚለውን አስከትላ አዘጋጅታ ነበር።

«እሺ» አለ።

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ጨመረችለት፤ በላ። በማግስቱ ደግሞ «ልጨምርልህ?» ስትለው «አይ» አለ፤ ሳህኑንም ገፋ አደረገ። ወጡ ያልጣመው ይሁን የጠገበ አላወቀችም፤ ግን አይ ማለቱ አይ ማለት እንደሆነ አወቀች። ሶሊያና ቤት ተጠርተው ሄደው ገና «ጭማቂ...» ስትል ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደ። ያመጣችላቸውን የጎመን ክትፎ ደግሞ «እኔ ይህን አልወደውም» አላት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታጎርሰው የኖረችው ምግብ ነው።

«ባልሽን ምን ነካው?» አለች ሶሊያና በሹክሹክታ፣ ማድ ቤት ውስጥ።

«ድኗል» አለች ብሌን።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰገነቱን እየደበደበ ሳለ ኢዩኤል ከማጠቢያው ጋር ተገናኝቶ ተኝቷል። ሰባቱ መብራቶች በርተዋል። ክንዱ ከቱቦዎቹ መሐል ቀጥኖ ይታያል። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው፤ ዝናቡን ይመልከት ወይም ምንም አይመልከት መለየት አይቻልም። ዛሬ ያቺ ድምፅ ስትጠይቀው ከመመለሱ በፊት ከወትሮው ረዘም አድርጎ ቆይቶ ነበር።

ብሌን በርጩማውን አስጠግታ እጁን ያዘች። «ደከመህ?» ልትለው አፏን ከፈተች። ያ ጥያቄ በቀን ዐሥር ጊዜ የምትጠይቀው ነበር፤ «ኧረ ምን በወጣኝ!» የሚለውን ለመስማት ብላ ብቻ የምትጠይቀው። አሁን ብትጠይቀው ይነግራታል።

አፏን ዘጋች። ጉርምርምታውን ጥቂት አዳመጠች። ነፋሱ የዝናብ ፍንጣቂ ወደ አልጋው ያመጣ ነበር።

«መስኮቱን ልዝጋው?» አለችው።

«አይ» አለ ኢዩኤል።

ደግማ አልጠየቀችውም።